ሰነድ ከመንካቱ በፊት «ተከሳሹ ማን ነው? የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢሮ፦ በባሕር ዳር ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጥ አንድ የሕግ አገልግሎት ሲገመገም

በባሕር ዳር ፍርድ ቤቶች አካባቢ ውል የሚጽፉ፣ የክስ አቤቱታ የሚያዘጋጁና ሰነድ የሚተይቡ ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የምገመግመው ከእነዚህ መካከል የአንድ የጥብቅና ቢሮን አገልግሎት ነው። በሙያዬ የሒሳብ ባለሙያ ስሆን፣ መዝገባቸውን ከምይዝላቸው አነስተኛ ድርጅቶች በርከት ያሉት በዚህ ቢሮ ተገልግለዋል፤ ደረሰኝና ሰነድ ማቅረብ ሲያስፈልግም አብሬያቸው ገብቻለሁ። ሁለት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ የሚሠሩበት ጠባብ ክፍል ነው። ጥብቅና ማስታወቂያ የሚገደብበት ሙያ በመሆኑና ባለቤቶቹም ስለጠየቁኝ ስሙን አልጽፍም፤ አንባቢ የሚሄድበትን ማንኛውንም ቢሮ የሚመዝንበትን ነጥብ ግን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ይህ ቢሮ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የባለጉዳዩን በደል እስከ መጨረሻው ከማዳመጡና አቤቱታ ከመጻፉ በፊት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይለያል። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአነስተኛ ነጋዴዎች መካከል በሚነሱ የንግድ ክርክሮች ገንዘብና ጊዜ በከንቱ ሲባክን ያየሁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። እውነት ያለው፣ ማስረጃ የያዘ፣ ምስክር የሚያቀርብ ነጋዴ ክሱን ለማየት ሥልጣን በሌለው ችሎት ፊት ይቆምና መዝገቡ ተዘግቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጠበቆቹ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ከሕጉ የተቀዳ ነው። በቅድሚያ ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል የሚለውን ያጣራሉ። ቀጥሎ የገንዘቡን መጠንና የክርክሩን ዓይነት አይተው በወረዳ ፍርድ ቤት የሚጀመር ይሁን ወይም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ይለያሉ፤ ይህ የሥረ ነገር ሥልጣን የሚባለው ነው። በመጨረሻ ባሕር ዳር፣ ወረታ ወይስ መራዊ የሚለውን፣ ማለትም የግዛት ሥልጣንን ይመለከታሉ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱን እኩል አያያቸውም። የግዛት ሥልጣንን የሚመለከት መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል። የሥረ ነገር ሥልጣን ጉድለት ግን ተከሳሹ ዝም ቢልም እንኳ ፍርድ ቤቱ ራሱ ባወቀው ጊዜ ክሱን እንዳይቀበል የሚያስገድደው ነው። ብዙ ባለጉዳዮች «ተከሳሹ ካልተቃወመ ምን ቸገረኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ጠበቆቹ ይህን አስተሳሰብ ለማረም ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ትክክልም ናቸው።

ከሦስቱ ጥያቄዎች አነስተኛ ነጋዴን አብዝቶ የሚያሰናክለው የመጀመሪያው ነው። ባለጉዳዩ «እኔም ባሕር ዳር፣ እሱም ባሕር ዳር፣ ታዲያ ፌዴራሉ ከየት መጣ?» ይላል። አንድ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ የተደራጀ የኅብረት ሽርክና ማኅበር በባሕር ዳር ለሚሠራ ሕንፃ በርና መስኮት ሠርቶ አስረከበ፤ ተቋራጩ ግን ቀሪውን ክፍያ አልከፈለም። አባላቱ በአንድ የጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስጽፈው በወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። አቤቱታው በቋንቋም ሆነ በአቀራረብ የሚነቀፍ አልነበረም። ተቋራጩ ግን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ድርጅቱ በፌዴራል መንግሥት አካል የተመዘገበ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መሆኑን ገልጾ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደሌለው ተከራከረ፤ መዝገቡም በዚሁ ምክንያት ተዘጋ።

አባላቱ ወደዚህ ቢሮ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጠበቃው የተዘጋውን መዝገብ ከማንበቡ በፊት የጠየቃቸው የተቋራጩን የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀት ቅጂ ነበር። እነሱ በእጃቸው አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከውሉ ጋር ተያይዞ የቀረ አንድ ቅጂ እኔ ከያዝኩት ፋይል ውስጥ ተገኘ። ጠበቃው ጣቱን ማኅተሙ ላይ አሳርፎ ወረቀቱን የሰጠው አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት መሆኑን አሳያቸው። ክርክሩ ከመጀመሪያው ሊያመራበት ይገባ የነበረውን ችሎት የሚወስነው ያ ማኅተም ነበር፤ ወረቀቱም ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ እኔ በያዝኩላቸው ፋይል ውስጥ ነበር።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚደነግገው አዋጅ በፊት ቁጥር 25/1988 ነበር፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተተክቷል። በፌዴራል የዳኝነት ሥልጣን ሥር ከሚወድቁት መካከል በፌዴራል መንግሥት አካላት የተመዘገቡ ወይም የተቋቋሙ የንግድ ማኅበራትን የሚመለከቱ ክርክሮች፣ ቋሚ መኖሪያቸው በተለያዩ ክልሎች በሆነ ሰዎች መካከል የሚነሱ ክርክሮች፣ እንደ ቼክ ያሉ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና የመድን ውል ይገኙበታል። ይህ ሲባል ግን የባሕር ዳሩ ነጋዴ ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ይሂድ ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከክልል ሥልጣናቸው በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን እንደሚሠሩ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች ሲቋቋም አማራ ክልል ከእነዚህ ውስጥ ስላልነበረ፣ በእኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚሄደው በውክልና ሥልጣኑ ወደሚያየው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የእንጨት ሠራተኞቹ ክስ እንደገና የተከፈተው በባሕር ዳር በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር፤ ይግባኝ ቢኖር እንኳ የሚሰማው እዚሁ ከተማ የሚያስችለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ርቀቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በር ብቻ ነው። በመካከሉ ግን ወራት አልፈዋል፣ ተቋራጩም ማሽኖቹን ወደ ሌላ ሥራ ቦታ አዛውሯል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ በትክክል ሊጻፍ አይችልም።

ስለ ቼክም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በሐይቁ ዳር ዓሣ ከአስጋሪዎች እየተረከቡ ለአከፋፋዮች የሚያቀርቡ አንዲት እናት የዱቤ ሒሳባቸው በቼክ ተከፍሏቸው ባንክ ሲሄዱ በቂ ስንቅ የለውም ተብለው ተመለሱ። ጠበቃዋ «እትዬ፣ ቼኩን ይዘውታል? ባንኩ የመለሰበት ወረቀት አብሮት አለ?» አለቻቸው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሁለቱም ወገኖች የአንድ ከተማ ነዋሪ ቢሆኑም የክሱ መሠረት ቼኩ ከሆነ ጉዳዩ የሚተላለፍ የገንዘብ ሰነድ ክርክር ነው፤ ስለዚህም ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያመራል። ጥቅምም አለው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በቼክ ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ አጠር ባለ ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል፤ ተከሳሹም መከላከያ ለማቅረብ በቅድሚያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ጠበቃዋ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ መሆኑንና ፖሊስ ዘንድ መክሰስ ግን ገንዘቡን በፍትሐ ብሔር ከመጠየቅ የተለየ መንገድ መሆኑን ለይታ አስረድታቸዋለች። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይህ ማብራሪያ ብቻውን ክፍያው የሚገባው ነው።

የቢሮው ሁለተኛው አገልግሎት የውል ዝግጅት ሲሆን፣ ለእኔ ከክርክሩ ሥራ ይልቅ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ተተይቦ የሚሸጠው የሽያጭ ውል ቅጽ መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንቀጽ «በዚህ ውል አፈጻጸም አለመግባባት ቢፈጠር ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይታያል» የሚል ነው። ይህ ሐረግ ባይጻፍም ውጤቱ ያው ነው። ከዚህ የባሰው «ክርክሩ በወረዳ ፍርድ ቤት ብቻ ይታያል» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ተዋዋዮች ተስማምተው ሕግ ያልሰጠውን የሥረ ነገር ሥልጣን ለአንድ ፍርድ ቤት ሊሰጡት አይችሉም። ነጋዴው ግን በዚህ ተማምኖ ይፈርማል።

ቢሮው ለአንድ የባሕር ዳር የሩዝ ነጋዴ ያዘጋጀውን ውል ከዚህ ቅጽ አጠገብ አስቀምጬ አነበብኩት። ሻጩ የወረታ ሰው ነው። ወረታና ባሕር ዳር በአንድ ክልል ውስጥ ስለሆኑ የፌዴራል ጥያቄ አይነሳም፤ የሚነሳው የቦታ ጥያቄ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ መርህ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚነግድበት ቦታ ሲሆን፣ ቁጥር 24 ደግሞ ከውል የመነጨ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ የቢሮው ውል ስለ ፍርድ ቤት ከማውራቱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ያሰፍራል፤ ውሉ በባሕር ዳር ከተማ መፈረሙን፣ ሻጩ ሩዙን በገዥው መጋዘን አራግፎ የሚያስረክበው ባሕር ዳር መሆኑን፣ ዋጋውም የሚከፈለው ርክክቡ በተፈጸመበት ቦታ መሆኑን። ሩዙ ቢዘገይ ወይም ጥራቱ ቢጓደል ገዥው ወረታ ድረስ ሳይመላለስ በከተማው ሊከስ ይችላል። እነዚህ ዝርዝሮች ባይጻፉ ኖሮ ክፍተቱን የሚሞላው ሕጉ ነበር፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1755 አጠቃላይ ደንብ መሠረት ለምሳሌ ቦታው ተለይቶ ያልተስማሙበት ዕዳ የሚከፈለው በባለዕዳው መኖሪያ ነው። 

በስልክ የሚደረግ ግብይት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዛሬ ብዙ የጅምላ ንግድ በስልክ ተስማምቶ በቴሌብር ቀብድ በመላክ ይጀመራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1692 በስልክ የተደረገ ውል የተደወለለት ወገን ባለበት ቦታ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ ተዋዋዮች ሌላ ካልተስማሙ በቀር ማን ለማን ደወለ የሚለው ነገር የችሎቱን ቦታ ሊነካ ይችላል ማለት ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው የማይደነቅ አላጋጠመኝም። ቢሮው በዚህ ረገድ የሚሰጠው መፍትሔ ቀላልና ጥሩ ነው፤ የስልክ ስምምነቱን ተከትሎ አንድ ገጽ ማረጋገጫ ተጽፎ ሁለቱም እንዲፈርሙበት ያደርጋል፤ በገጹም ላይ ቦታና ቀን፣ የቀብዱ መጠን፣ እንዲሁም የማስረከቢያ ስፍራው ይሰፍራል። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ የሕጉ ቁጥር 1885 ስለሚደነግግ፣ ቀብድ መሆኑ መጻፉ ራሱን የቻለ ዋስትና ነው።

ቢሮውን የምነቅፍበት ቦታ የግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ክርክርን ከፍርድ ቤት ይልቅ ተዋዋዮቹ በሚመርጧቸው ዳኞች ማስወሰን ነው። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ከወጣ ወዲህ ጠበቆቹ በሚያዘጋጁት ውል ሁሉ ላይ የግልግል አንቀጽ የማስገባት ልማድ አዳብረዋል። በመርህ ደረጃ አልቃወምም። ስምምነቱ በጽሑፍ ከተደረገና ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ካነሳው ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ግልግል ስለሚመልሰው፣ የሥልጣን ጭቅጭቅን ከሥሩ የሚያቃልል መንገድ ነው። ነገር ግን ቢሮው እንደ መነሻ የሚያስገባው እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ዳኛ መርጦ የተመረጡት ሦስተኛውን ሰብሳቢ የሚመርጡበትን አሠራር ነው። የበርና የመስኮት ቀሪ ክፍያን በሚመለከት ክርክር ላይ ሦስት የግልግል ዳኞችን መክፈል የክርክሩን ጥቅም ይበላዋል። በጠየቅኳቸው ጊዜ አንድ ብቸኛ ዳኛ የሚያደርገውን አንቀጽ ያለ ምንም ማቅማማት አስገብተዋል፤ ሳይጠየቁ ግን አያቀርቡትም። አነስተኛ ድርጅት ያለው አንባቢ ወደ የትኛውም ቢሮ ቢሄድ ይህን አንቀጽ ራሱ ማንበብ ይኖርበታል። በግልግል ሊታዩ የማይችሉ ጉዳዮችም እንዳሉ፣ ለምሳሌ ግብር፣ መክሰር፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ጉዳዮች፣ ውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር መልካም ነበር።

ከግልግል ይልቅ ለትንንሽ ክርክሮች የማደንቀው ቢሮው ለዕርቅ የሚሰጠውን ቦታ ነው። ከዘጌ ቡና የሚያመጣ አንድ አቅራቢና በከተማው ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት በእርጥበት ምክንያት በተጓደለ ክብደት ላይ ተጣልተው ነበር። ጠበቃው ክስ ከመጻፍ ይልቅ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች እንዲጠሩ መከረ፤ ሽማግሌዎቹም አስታረቋቸው። ቢሮው የሠራው የዕርቁን ቃል በጥንቃቄ መጻፍ ነበር፤ ማን ምን ያህል በየትኛው ቀን እንደሚከፍል፣ ባይከፍል ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ አስፈረማቸው። በቃል የተደረገ ዕርቅ በማግሥቱ ሊካድ ይችላል። በመዝገብ ላይ ያለ ክርክር በዕርቅ ሲያልቅ ግን ስምምነቱ በፍርድ ቤት ጸድቆ እንደ ፍርድ ሊፈጸም ይችላል። አካባቢያችን ሽምግልናን የሚያውቅ ነው፤ የሚጎድለው የሽምግልናው ቃል በጽሑፍ መቀመጡ ነው፤ ቢሮው ይህን ክፍተት መሙላቱን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሌላው ድክመት የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። ጠበቆቹ ክሱን ባሕር ዳር ለማስቀረት ከፍተኛ ጥረት ያደርጋሉ፤ ተከሳሹ በከተማው ምንም ንብረት ከሌለው ግን ፍርዱ ወደ ሌላ ቦታ ፍርድ ቤት ተልኮ እዚያ መፈጸም እንደሚኖርበት አስቀድመው በግልጽ አይናገሩም። ንብረቱ ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ባለዕዳ ላይ ባሕር ዳር ማሸነፍ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ያቀልላል። አንዳንድ ጊዜ ንብረቱ ባለበት ቦታ መክሰስ የሚሻልበት ምክንያት ይኖራል፤ ይህ ለባለጉዳዩ ተነግሮ ምርጫው ለእሱ ሊተውለት ይገባል።

ስለ አቀባበሉ ብዙ የምለው የለም። ቀጠሮ በስልክ አይያዝም፤ ሰኞ ጧት የሚመጣ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክፍያው በቅድሚያ ይነገራል፤ የተዘጋጀ ውልን አንብቦ ለማረም 1,500 ብር ከፍለን ደረሰኝ ወስደናል፤ ለተሰጠው አገልግሎት ፍትሐዊ ነው። የሥልጣን ትንተናውን ግን በቃል ብቻ መስጠታቸው ያሳስበኛል። ባለጉዳዩ ከወጣ በኋላ ግማሹን ይረሳዋል፤ ለሽርክና አባላቱም በትክክል ማስረዳት አይችልም። ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ተጽፎ ቢሰጠው ባለጉዳዩ ሌላ ጠበቃ ቢያማክር እንኳ መነሻ ይሆነዋል።

መክፈል የማይችል ነጋዴ ያለ አማራጭ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት፤ ጉዳዩ ቀላልና ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ከዚያ መጀመር ተገቢ ነው።  ይህን ቢሮ የምመክረው በዋናነት ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው፦ ከክልሉ ውጭ ካለ ሰው ጋር ለሚነግዱ፣ ለምሳሌ ከፓዌ ሰሊጥ ለሚያስመጡ ዘይት ጨማቂዎች፤ ለአዲስ አበባ ድርጅቶች በዱቤ ለሚያቀርቡ፤ እንዲሁም ቼክ ለሚቀበሉ። በእነዚህ ሁሉ የፌዴራልና የክልል ሥልጣን ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ጠበቆቹም በደንብ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የሚሄድ ሰው የራሱን የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተቃራኒውን ወገን የንግድ ምዝገባ ቅጂ፣ ውሉን ወይም የስልክ መልእክቶቹን፣ የባንክና የቴሌብር ደረሰኞችን፣ የርክክብ ሰነዱንና የተላከ ማስጠንቀቂያ ካለ ቅጂውን ይዞ ይሂድ። የተቃራኒው ወገን ምዝገባ ቅጂ ከሌለው በሚቀጥለው ውሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፤ ቢሮው አሁን በሚያዘጋጃቸው የሽያጭና የሥራ ውሎች ላይ ይህን ቅጂ የውሉ አባሪ አድርጎ ሁለቱ ወገኖች በየገጹ እንዲፈርሙበት ያስደርጋል።